ራሷ ሰማያዊ የነበረችው አህያ

የልጅ ልጄ ጌዲ ጎልማሳ ሰው ነው። ሚስት አግብቷል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ብርድ ሲሆን ወገቡን ያመዋል። ነገር ግን በልጅነቱ በቴሌቪዥን ያያት ስለነበረች አንዲት የጨርቅ አህያ ከተነሳ እህል አፉ አይገባም። የአህያዋን ስም ያጣመመበት ሰው ካለ፣ ወይም ያኔ በሌላው ቻናል ይመጣ የነበረው ኤሊ ይሻል ነበር ያለው ካለ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ከተቀመጠበት ይነሳል። አቅፌ ያሳደግሁት ልጅ ስለሆነ አዝንለታለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ከማዘን አልፌ ተናደድኩ። በእሱም፣ በኤሊውም፣ በአህያዋም፣ አላቆም ባለው ዝናብም።

ጌዲ የተወለደው ሰበታ ነው። እኔና ባሌ ከከምባታ መጥተን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከገባን ቆይተን ነበር። ልጄ እሱን ወልዳ ጡት እንዳስጣለች ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄደች፤ ልጁ እኔ ጋ ቀረ። የምንኖረው ኦቦ ዲሪባ ግቢ ተከራይተን ነበር። ኦቦ ዲሪባ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ድምፃቸው ግቢውን ሁሉ የሚሞላ፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ፣ ግን ኪራይ የዘገየበትን ሰው አንድም ቀን በር ላይ ቆመው ያላሳፈሩ ሰው። በዚያ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ኦቦ ዲሪባ ግን ይህን መስማት አይወዱም ነበር። አንድ ቀን መርካቶ ደርሰው ሲመለሱ ባለ ቀለም ላስቲክ ይዘው መጡ። ከላይ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቀላ ያለ ብርቱካንማ፣ ከታች አረንጓዴ የሆነ ስስ ላስቲክ። በመስታወቱ ልክ ቆርጠው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዲሪባ ቤት ከለር ነው» አሉ። ጎረቤቱ ሳቀ፤ ከዚያ ለመደው። ዜና የሚያነበው ሰውዬ ግንባሩ ሰማያዊ፣ ከረባቱ ብርቱካንማ፣ ጠረጴዛው አረንጓዴ ሆኖ ኖረ። እኛ ትልልቆቹ ላስቲክ መሆኑን እናውቃለን። ሕፃናቱ ግን ነፍስ ያወቁት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ላስቲኩ ለእነሱ የመስታወቱ አካል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት የልጆች ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ይመጣል። በአንደኛው ቻናል «ትርፌና ስልቻዋ»፣ በሁለተኛው ቻናል «የኤሊ አውቶቡስ»። ትርፌ ከወፍጮ ቤት ደጅ የማትጠፋ የጨርቅ አህያ ናት። በየሳምንቱ ጀርባዋ ላይ ካለው ስልቻ አንድ ፊደል ታወጣና በዚያ ፊደል ስለሚጀምሩ ነገሮች ታወራለች። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሆደ ባሻ፣ ትንሽ አልቃሻ አህያ ነበረች። ኤሊው ደግሞ ሾፌር ነው። አውቶቡሱ ሁልጊዜ ይዘገያል። ዝንጀሮው፣ ፍየሏና ቆቋ ሲነጫነጩበት ወደ ኋላ ዞሮ «ደርሰናል ማለት ይቻላል» ይላቸዋል። የኤሊው ወገን የሆኑ ልጆች ይህችን ንግግር ወስደው፣ ሱቅ ተልከው ሲዘገዩ፣ ትምህርት ቤት ሲያረፍዱ፣ እናቶቻቸው ሲቆጧቸው ይሏት ነበር። ስንት ልጅ በእሷ ምክንያት እንደተቆነጠጠ።

እኔ በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ለጎልማሶች በከፈተችው ክፍል ፊደል እየቆጠርኩ ስለነበር የትርፌ ወገን ነበርኩ። ጎመን የምቀነጥስ መስዬ በሩ ላይ እቆምና ስልቻዋ ውስጥ ምን እንዳለ አያለሁ።

ጣጣው አንቴናው ነበር። ለአንደኛው ቻናል ወደ ፉሪ ተራራ ይዞራል፤ ለሁለተኛው ከፉሪ ትንሽ አለፍ ማለት አለበት። የአንቴናው ብረት ከቤቱ ጀርባ ነው። የላላ ስለሆነ ካልያዙት በነፋስ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ልጅ ብረቱን ይዞ «አሁንስ?» እያለ ይጮሃል፤ ውስጥ ያሉት «ትንሽ፣ ትንሽ፣ አለፈ፣ መልስ» ይሉታል። የኦቦ ዲሪባ ባለቤት አዴ ቦሰና ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ሥርዓት አወጡ። አንድ ቅዳሜ የአህያዋ፣ አንድ ቅዳሜ የኤሊው። ተራው ያልሆነው ወገን አንድ ልጅ አውጥቶ ብረቱን ያስይዛል። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው «እግር» ይላሉ፤ ልጆቹ የታጠበ እግራቸውን ከውስጥ በኩል ገልብጠው እያሳዩ ይገባሉ።

የኤሊው ወገን አለቃ የአዴ ቦሰና ልጅ ዘርሁን ነበር። የአህያዋ ወገን አለቃ ጌዲ ነው። ስለዚህ የኤሊው ቅዳሜ ሲሆን ብረቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ጌዲ ነው። ዝናብ እየመታው፣ ውስጥ የሚሳቀውን እየሰማ፣ ምን እንዳሳቃቸው ሳያይ። ነጠላዬን ላለብሰው ስወጣ ከንፈሩን ነክሶ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ሆን ብሎ ብረቱን በጣት ልክ ያዞርና ውስጥ ያለው ሥዕል በረዶ ይሆናል። በሳምንቱ ዘርሁን ብድሩን ይመልሳል። ከዚያ ጭቃ ላይ ይተናነቃሉ። አዴ ቦሰና ሁለቱንም በጆሯቸው ጎትተው በአንድ ሳፋ ያጥቧቸዋል።

የአህያዋ ቅዳሜ ሲሆን ግን ጌዲን ማየት ነበር። ከፊት፣ መሬት ላይ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ትርፌ ቆማ ስታወራ ራሷ ከላስቲኩ ሰማያዊ ክፍል ይውላል፣ እግሮቿ ከአረንጓዴው። ስትተኛ ሁለመናዋ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጆቹ «ታመመች» ይባባላሉ። ጌዲ እስክትነሳ ድረስ ዓይኑን አይነቅልም። ተነስታ ራሷ ሰማያዊ ሲሆን ዞሮ እኔን ያየኛል። «ዳነች» ማለቱ ነው።

ሁለቱም ፕሮግራሞች አንድ ቀን ሳይሰናበቱ ቀሩ። ልጆቹ እግራቸውን ታጥበው፣ ለአዴ ቦሰና አሳይተው፣ ገብተው ተደርድረው ቴሌቪዥኑ ሲከፈት በሁለቱም ቻናል ስብሰባ ሆነ። በቀጣዩ ቅዳሜም ስብሰባ ነው። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ወደ ኳሳቸው ሄዱ። ጌዲ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እግሩን መታጠብ ሳይተው ብዙ ጊዜ ቆየ። ኦቦ ዲሪባ ያዝኑለትና ቴሌቪዥኑን ይከፍቱለታል፤ ትንሽ ስብሰባ አይቶ ይወጣል።

መሳል የጀመረው ያኔ ነው። በከሰል የግቢውን ግድግዳ አህያ በአህያ አደረገው። ኦቦ ዲሪባ ጮኹ፤ ከዚያ ቀረብ ብለው አዩና «በሬ ትችላለህ?» አሉት። በሬ ሳለላቸው። ወዳጃቸው የነበረ ባለ ሥጋ ቤት አይቶ እሱም በሬ አሳለ። በዚያው ሙያው ሆነ። ጸጉር ቤት በር ላይ ራስ፣ ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ጎማ፣ ጥርስ የሚነቀልበት ቤት ጥርስ። ሰበታና ዓለም ገና መንገድ ዳር የጌዲ እጅ ያላረፈበት ሱቅ ጥቂት ነበር። በኋላ የባነር ማሽን መጣ። አሁን ሰው ፎቶ ከስልኩ ይልክና በቀኑ አትሞ ይሰቅላል። ለጌዲ የቀረለት የአፀደ ሕፃናት ግድግዳ ነው። እዚያም የሚያዙት የውጭ አገር ካርቱን ብቻ ነው። ሥዕሉን በስልክ ያሳዩታል፣ እሱ ይገለብጣል።

ፀዲን ያገባት ቡራዩ ግድግዳ ሊስል ሄዶ ነው። እኔንም ይዞኝ ቡራዩ ገባ። ፀዲ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሳቋ ቅርብ፣ እጇ ፈጣን፣ ለእኔ ደግ ልጅ ናት። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ ቤታቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከለር ቴሌቪዥን ነበር፤ እውነተኛው ከለር። እሷ የኤሊው ወገን መሆኗ የታወቀው ከታጩ በኋላ ነው። ጌዲ የሰማ ቀን ሽማግሌ መልሼ ልላክ እንዴ ብሎ አሳቀን። ቤት ውስጥ እሱ «ኤሊ» ይላታል፣ እሷ «ስልቻ» ትለዋለች። ወጥ ሲዘገይ «ደርሰናል ማለት ይቻላል» ስትለው ትራስ ይወረውርባታል። ማን ይሻል ነበር በሚለው ሲከራከሩ ኖሩ እንጂ ስለ ቀለም ተነጋግረው አያውቁም። ሰው አህያ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት ሚስቱን አይጠይቅም።

ፀዲ አንድ ሰሞን ደስ ይበለው ብላ በስልኳ የድሮዎቹን ፕሮግራሞች ፈለገች። ምንም የለም። ካሴቱ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም። ያገኘችው ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የትርፌና የኤሊው ልጆች፣ አሁን ሁሉም ወላጅ የሆኑ፣ ቀንና ሌሊት የሚሰዳደቡበት። አንድ ፎቶ እንኳ ያለው የለም። ጌዲ ይህን ካየ በኋላ ባሰበት። «እንግዲህ ያለችው እኔ ጋ ብቻ ናት» ይል ጀመር። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ካላኖራት አብራው እንደምትጠፋ አድርጎ ነበር የሚያወራው። እኔ ደግሞ ለአሻንጉሊት ይህ ሁሉ ምንድን ነው እላለሁ በሆዴ፤ ከዚያ ብረቱን ይዞ ዝናብ ላይ የቆመው ልጅ ይመጣብኝና እተወዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ሱሉልታ አዲስ አፀደ ሕፃናት የምትከፍት ስንዱ የምትባል ሴት ጠራችው። የአጥሩን ግንብ አሳየችውና የውጭ ነገር እንደሰለቻት፣ የአገር ነገር እንደምትፈልግ፣ የፈለገውን እንዲስል ነገረችው። በዚህ ሁሉ ዘመን የፈለግከውን ሳል ያለው ሰው የለም። ያን ዕለት ቤት የገባው እየሮጠ ነው። እኔም ቤት ብቻዬን መዋል ስለማልወድ አብሬው እየተሳፈርኩ ሱሉልታ መዋል ጀመርኩ። በረንዳው ላይ ወንበር ይሰጡኛል፤ ጋቢዬን ተከናንቤ አየዋለሁ።

በክረምት ግድግዳ መቀባት መከራ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ጭጋጉ ረፋድ ድረስ አይነሳም። ነጩ ቀለም አልደርቅ ብሎ ያለቅሳል። ጌዲ ሸራ ወጥሮ፣ በጨርቅ እያደረቀ፣ ጣቱ እየደነዘዘ ይሠራል። ከዓይኗ ነው የጀመረው። እውነት ለመናገር ዓይኗን ሳየው እኔም ደነገጥኩ፤ ያ ሊያለቅስ ያለ የሚመስለው ዓይን ነው። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ከፈተና ራሷን ቀባ። ሰማያዊ። ሆዷን ብርቱካንማ፣ እግሮቿን አረንጓዴ አደረገ።

መጀመሪያ ለሕፃናቱ ብሎ ያሳመራት መሰለኝ። ጨርሶ ወደ ኋላ ራቅ አለና፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «እማ፣ እሷው ናት?» አለኝ።

ዓይኗ እሷው እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ሌላው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበርና።

ልጅ ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣው አባት በሩ ላይ ቆሞ «ትርፌ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ፊቱ በራ። ጌዲ ከመሰላሉ ሊወርድ ሲል ሰውዬው ቀጠለና ለምን ሰማያዊ አደረጋችኋት አለ። አንዲት እናት ግራጫ ነበረች አለች። ሌላው ቡናማ ናት አለ። በማግስቱ የመጡት ደግሞ ኤሊው የታለ ብለው አኮረፉ፤ አንዱማ ለአህያ ብቻ የሚያደላ ትምህርት ቤት ልጄን አላስገባም እስከማለት ደረሰ። እየቀለደ ይሁን እየቆረጠ አላወቅንም። ጌዲ ለእያንዳንዱ ይመልሳል፤ ያየሁትን ነው የሳልኩት ይላል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ቡሩሽ እየወዘወዘ ይከራከራል። ሕፃናቱ የወላጆቻቸውን ልብስ እየጎተቱ ይቆማሉ። እነሱ ሁለቱንም አያውቁም።

ስንዱ ጥቂት ቀን ታገሰች። በመጨረሻ ወጥታ እንዲህ አለችው፦ «ጌዲ፣ ሰው በር ላይ ተጨቃጭቆ ሳያስመዘግብ ተመለሰብኝ። ወይ ሰው የሚያውቃትን አህያ አድርጋት፣ ወይ በኖራ አጥፍቼ ባነር እሰቅላለሁ።»

ምስክር አመጣለሁ አላት። ምስክሩ ማን ይሁን? ዘርሁን። ዘርሁን አሁን ሰበታ የከብት መኖ ይሸጣል፤ ድርቆሽ ሊጭን ሱሉልታ ይመላለሳል። ቅዳሜ ቀን አይሱዙውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ጸጉሩ ላይ ድርቆሽ ተሰክቶበት መጣ። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ «አካም ጅርቱ አኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ እንዴት ነዎት አያቴ ማለቱ ነው፣ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። እኔ አሁን ይስቃል፣ የላስቲኩ ነገር ይወጣል፣ እንገላገላለን ብዬ ጠበቅኩ።

«ራስ ሰማያዊ፣ እግር አረንጓዴ» አለ ዘርሁን። «ማነው የካደው?»

ጌዲ ትከሻውን ያዘው። ዘርሁን ቀጥሎ የእሱ ኤሊም መሬት ላይ ሲሄድ አረንጓዴ እንደነበረ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሲወጣ ግን ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ይህም የደንብ ልብስ ስለሚለብስ እንደሆነ ለስንዱ አስረዳት። ጌዲ ራሱን እየነቀነቀ አረጋገጠለት። በልጅነታቸው በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ልጆች፣ ጢማቸው ወጥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ የኦቦ ዲሪባን ላስቲክ ሲመሰክሩ ቆሙ። እኔ በረንዳው ላይ ጋቢዬን እያጣመምኩ ወይ መሳቅ ወይ መጮህ አቃተኝ።

ፀዲ ከመድኃኒት ቤት ወጥታ ምሳ ይዛልን የመጣችው በዚህ መሐል ነው። እስከዚያ ቀን ግድግዳውን አላየችውም፤ ሳይጨርስ እንዳታየው ከልክሏት ነበር። አየችውና ሳቀች። ሳህኑን አስቀምጣ ሳቀች። ባሏ እንደማይስቅ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

«ጌዲ፣ አህያ እኮ ናት» አለችው ለስለስ ብላ። «የአህያ ቀለም ነበራት። አንገቷ ላይ ቀይ ሻርፕ።»

«አንቺ የኤሊ ሰው ነሽ። መቼ አየሻት?»

«ሁለቱንም አይ ነበራ። የኛ በሪሞት ነው የሚቀየረው፤ ኤሊው ሲዘፍን ወደ አህያዋ እሄድ ነበር።»

ጌዲና ዘርሁን ተያዩ። ያቺን የሪሞት ንግግር እኔ እስከ ዛሬ አልረሳትም። እነዚህ ሁለቱ ስንት ቅዳሜ ዝናብ ላይ ቆመው፣ ስንቴ ተደባድበው ያገኙትን፣ እሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ በአውራ ጣቷ ትቀያይረው ነበር። ዘርሁን «የቡራዩ ሰው» ብሎ ዞር አለ። ጌዲ ግን ተቆጣ። እኔና ዘርሁን በምንም ተስማምተን አናውቅም፣ በዚህ የተስማማነው እውነት ስለሆነ ነው አለ። ፀዲም አልቻለችም፤ እኔ ውሸታም ነኝ ማለት ነው ወይ አለችው። በዚህች አህያ ምክንያት ሲጣሉ ቀልድ ያልሆነበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ስንዱ ከሁሉም በላይ ደክሟት ነበር። የሰማያዊውን ነገር ለወላጅ ማስረዳት አቅቷታል፤ ማጥፋቱም ያሳዝናታል። ጌዲ ወደ እኔ ዞረ።

«እማን ጠይቂያት» አላት። «በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። እማ፣ ንገሪያቸው።»

ስንዱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማማ፣ አንቱ ሰማያዊ ናት ካሉ ሰማያዊ ትሁን። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እኔ ራሴ እመልሳለሁ፤ አልነካትም» አለችኝ።

ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። አንድ ቃል ብናገር ግድግዳው ይተርፋል። ጌዲ ዓይኑን ተክሎብኛል፤ ያኔ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኝ እንደነበረው። ከጎኑ ፀዲ እጆቿን አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። አዎ ካልኩ ውሸታሟ እሷ ናት፤ ባሏ ፊት፣ ቀጣሪው ፊት፣ ባዳ ሰው ፊት። ለአንዱ ልጄ ብዬ ሌላዋን ልጄን ማዋረድ ነው። ደግሞስ እሱ የጠየቀኝ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ጠይቆኝ እንደ ሕፃን ላባብለው?

«ጌዲዬ» አልኩት፣ «ሰማያዊው የትርፌ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ሰማያዊው፣ አረንጓዴውም፣ ኦቦ ዲሪባ መስታወቱ ላይ የለጠፉት ላስቲክ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ዘርሁን ነው። ወዲያው ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ኦቦ ዲሪባ ካረፉ ብዙ ዓመት አልሆናቸውም። «አባዬ ከለር ነው ብሎኝ ነበር» አለ፤ ድርቆሹን ከጸጉሩ እየለቀመ ወደ መኪናው ሄደ።

ጌዲ አልሄደም። «ስትታመምስ?» አለኝ። «አረንጓዴ የምትሆነውስ?»

«ስትተኛ ነው። ላስቲኩ ከታች አረንጓዴ ነበር።»

«አልታመመችም?»

«አልታመመችም የኔ ልጅ።»

ይህን ሲሰማ ምን ይለኛል ብዬ ነበር። ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል። ወደ ግድግዳው ዞረ። ፀዲ ቀርባ ክንዱን ያዘችውና ተወው፣ ሰማያዊዋ ታምራለች፣ እኔም ተሳስቼ ይሆናል አለችው።

«አልተሳሳትሽም» አላት። «ችግሩ እሱ ነው።»

ሰኞ ግራጫ ቀለም ገዝቶ መጣ። ፀዲን ከሥራ አስፈቅዶ አመጣት፤ ያየችው እሷ ናትና። መሰላሉ ላይ ቆሞ ይጠይቃታል፣ እሷ ከታች ትመልሳለች። ሻርፗ ምን ዓይነት ቀይ ነው ይላታል። ጆሮዋ ውስጡ ነጭ ነው ወይ ይላታል። ስልቻው የጆንያ ዓይነት ነው ወይስ የቆዳ? ከሃያ ዓመት በላይ በልቡ ይዟት የኖረውን አህያ ከሰው አፍ እየሰማ ቀባት። ስንዱ ለሰላም ሲባል ኤሊው ይጨመር ስላለች እሱንም ሳለው፤ አውቶቡሱን፣ ዝንጀሮውን፣ ፍየሏንና ቆቋን ጨምሮ። ቆንጆ አድርጎ ነው የሳለው። እጁ መጥፎ መሥራት አያውቅም። ግን አንድም ጊዜ ራቅ ብሎ አላየውም፤ አንድም ጊዜ እሷው ናት ወይ አላለኝም። ፀዲ በመጨረሻ ስትመልስ ድምፏ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ እስከማይሰማ ደረሰ። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። ተጋብተው አንድ ግድግዳ እየቀቡ እንደ ሐኪምና በሽተኛ የሚነጋገሩ ሰዎች ያበሳጫሉ።

ሲያልቅ ወላጆች መጡ፤ ወደዱት። የሚጨቃጨቅ አልተገኘም። የትርፌም የኤሊውም ሰዎች ልጆቻቸውን ሥር አቁመው ፎቶ አነሱ። ስንዱ ደስ ብሏት፣ ሠዓሊ ሁሉ እንደሚያደርገው ከታች በኩል ስሙንና ስልኩን እንዲጽፍ ነገረችው። ሥራ የሚመጣው በዚያች ጽሑፍ ነው፤ ለጌዲ ደግሞ ሥራ እንዴት እንደሚያስፈልገው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን የቀለሙን ክዳን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ዘጋና ስሙን ሳይጽፍ መሰላሉን ትከሻው ላይ አነሳ። ስንዱ እኔን አየችኝ። እኔ ጋቢዬን ሰብስቤ ተከተልኩት።

አሁንም ግድግዳው አለ። ያዩት ሰዎች ማን ሳለው ብለው ሲጠይቁ ስንዱ ስልኩን ትሰጣቸዋለች። ይደውላሉ፣ ቡራዩ ቤታችን ተቀምጠን ሳለን። ከነቀምቴ ድረስ የደወለ አለ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ እኛም ከተማ አፀደ ሕፃናት አለ፣ ያቺን አህያ ሳልልን፣ ትርፌን። ፀዲ እጇን አቁማ ትጠብቃለች። እኔም አንገቴን አቅንቼ እጠብቃለሁ። እሱ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው ያዞርና፣ በትሕትና፣ «አላውቃትም» ይላቸዋል።